ጥያቄና መልስ፦ የበረዶ ናዳ፣ ተዳፋቱና የቡድኑ ውሳኔ

በዚህ እትም የመለስናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ በረዶ ናዳ ናቸው። አብዛኞቹ የደረሱን በረዶ ከሚከመርበት አገር ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሲሆን አንዱ ግን ከሰሜን ጎንደር ነው። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*ጤና ይስጥልኝ። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ እኖራለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሊፍት ወደሌለበት ተራራ እየወጣን ስኪ መንሸራተት ጀምረናል። ከመውጣታችን በፊት የኮሎራዶን የናዳ ትንበያ እናያለን፤ ብዙ ጊዜ 3 ይላል። ከ5 ውስጥ 3 መሃል ስለሆነ አያሰጋም ብለን እንሄዳለን። ልክ ነን?*

አይደላችሁም፤ ደረጃዎቹ እኩል እርምጃ የላቸውምና። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በጂፒኤስ የተመዘገቡ የጉዞ መስመሮችን ከአደጋ መዝገብ ጋር አስተያይተው በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ትንበያው በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር የተጓዡ ሥጋት ወደ 4 እጥፍ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ስለዚህ 3 ያለበት ቀን 2 ካለበት በ4 እጥፍ፣ 1 ካለበት ደግሞ በ16 እጥፍ ገደማ ይከፋል። በሰሜን አሜሪካው መለኪያ 3 ማለት ናዳ በራሱ ሊወርድ የሚችልበት፣ ሰው ከረገጠው ደግሞ መውረዱ የሚጠበቅበት ቀን ነው። ደረጃው 4 ሲሆን አብዛኛው ሰው ከቤቱ አይወጣም። 3 ሲሆን ግን አዲስ በረዶ ወርዷል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ትናንት የሄዱት በሰላም ተመልሰዋል፤ መኪና ማቆሚያውም ይሞላል። ከሟቾቹም ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በዚሁ ደረጃ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው ተዳፋቱ ነው። ሰው የሚገድሉ ናዳዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚነሡት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሚያዘነብል ቦታ ሲሆን፣ በብዛት የሚታዩት 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ30 በታች እምብዛም አይነሡም፤ ከ50 በላይ ደግሞ በረዶው ሳይከማች ቶሎ ቶሎ ይራገፋል። ክፋቱ ለስኪ የሚመቸውም ያው አደገኛው መሆኑ ነው። የስዊዙ ተራራ መሪ ቨርነር ሙንተር በ1990ዎቹ ያስፋፋው ስሌት ሲያጥር እንዲህ ይሆናል፦ ትንበያው 2 ሲሆን ከ40 ዲግሪ በታች፣ 3 ሲሆን ከ35 በታች፣ 4 ሲሆን ከ30 በታች። የሚለካው የተዳፋቱ አማካይ ዘንበል ሳይሆን እጅግ ቀጥ ያለው ክፍል ነው። የት ድረስ እንደሚለካም ከደረጃው ጋር ይሰፋል፦ በ2 የምትሄዱበት መስመርና ዙሪያው፣ በ3 ተዳፋቱ በሙሉ፣ በ4 ከበላያችሁ ያለው ሁሉ ጭምር። ብዙዎች የሚስቱት ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። እነርሱ የቆሙበት 28 ዲግሪ ይሆንና ከበላያቸው 60 ሜትር ላይ ያለውን 37 ዲግሪ አይቆጥሩትም።

ዘንበሉ ቤት ቁጭ ብሎ ይለካል። የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት በተሳሉበት የ1፡25,000 ካርታ ላይ፣ በሁለት መስመሮች መካከል 1.4 ሚሊሜትር ካለ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ነው፤ 1.1 ሚሊሜትር ሲሆን 35፣ 0.95 ሲሆን 40 ዲግሪ ደርሷል። በስልክ ላይ ዘንበልን በቀለም የሚያሳዩ ካርታዎች ሥራውን ያቀልላሉ፤ ነገር ግን ከፍታውን በየጥቂት ሜትሩ ብቻ ስለሚወስዱ አንዲት ትንሽ ቀጥ ያለች ጉብታ በአማካዩ ውስጥ ትጠፋለች። ሰው ለመቅበር ደግሞ ትንሽ ጉብታ ትበቃለች። ስለዚህ እዚያው ስትደርሱ የስኪ ዱላችሁን ውሃ በሚወርድበት አቅጣጫ በረዶው ላይ አስተኙት፣ የዘንበል መለኪያ ያለውን ስልክ ወይም ኮምፓስ በዱላው ላይ አስቀምጡና አንብቡ። ያለ ዱላው ከለካችሁ የምትለኩት በስልካችሁ ሥር ያለችውን እብጠት ብቻ ነው።

የኮሎራዶ ነዋሪ እንደመሆንዎ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እዚያ መጀመሪያ የሚወርደው በረዶ ስስ ነው፣ ሌሊቱ ጥርት ያለና ብርዱ ብርቱ ነው። ከመሬቱ በኩል ያለው በረዶ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ የላዩ በብርድ ይመታል። የሙቀት ልዩነቱ በየ10 ሴንቲሜትር ከ1 ዲግሪ ሲበልጥ የታችኛው በረዶ ቀስ በቀስ እንደ ስኳር የማይያያዝ ቅንጣት ይሆናል። 60 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ላይ ላዩ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ከሆነ፣ ልዩነቱ በየ10 ሴንቲሜትር 2 ዲግሪ ነው፤ ለመበላሸት ከበቂ በላይ። ከዚያ በነፋስና በአዲስ በረዶ የተጠናከረ ንጣፍ ይጫንበታል፤ ይህ ንጣፍ ተያይዞ ስለሚቆም ሲሰነጠቅም ተያይዞ ይሄዳል። ትንበያው "የማይድን ደካማ ንጣፍ አለ" ሲላችሁ ይህን ማለቱ ነው። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፣ ከሩቅ ይቀሰቀሳል፣ አምስት ሰው አልፎበት ስድስተኛው ሊያፈርሰው ይችላል። በእንዲህ ያለ ወቅት የሙንተር ስሌት ብቻውን አይበቃም። ከ30 ዲግሪ በታች፣ ከበላዩም ቀጥ ያለ ነገር የሌለበት ቦታ መምረጥ ነው። በረዶ ቆፍሮ ፈትኖ "ዛሬ ይሆናል" ማለትም አያዋጣም፤ ምክንያቱን ከታች እንመለስበታለን።

*ጮክ ብሎ መናገር ናዳ ያስነሣል የሚባለው እውነት ነው? (ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ)*

እውነት አይደለም። የሰው ድምፅ የሚፈጥረው ግፊት ደካማ ንጣፍን ለመስበር ከሚያስፈልገው በእጅጉ ያንሳል። ናዳ ለማውረድ ባለሙያዎች ፈንጂ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ይልቅ ከጓደኛችሁ ጋር በግልጽ እየተጣራችሁ መሄድ ይሻላል። መፈራት ያለበት በረዶው ራሱ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ስትረግጡት ከሥራችሁ "ዉምፍ" ብሎ ከሰመጠ ደካማው ንጣፍ ተሰብሯል ማለት ነው። ተዳፋት ላይ ብትሆኑ ኖሮ ሊወርድ ይችል ነበር። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ወደ ቀጥ ያለ ቦታ አይኬድም።

*ሲያትል ነው የምንኖረው። ስኪ አንችልም፤ ቤተሰቡ በሙሉ በበረዶ መርገጫ ጫማ ስኖኳልሚ አካባቢ በበጋው የእግር መንገድ ላይ ብቻ እንጓዛለን። ናዳ የስኪ ሰዎች ጉዳይ አይደለም?*

ናዳ መርገጫ ጫማና ስኪ አይለይም፤ የሚለየው ቦታውን ነው። የበጋ መንገድ የተቀየሰው በረዶ በሌለበት ጊዜ ለመራመድ እንዲመች እንጂ ከናዳ ለመሸሽ አይደለም። ብዙውም የገደል ግርጌ ተከትሎ ይሄዳል። ሰው ጠፍጣፋ ቦታ ቆሞ ከበላዩ ያለውን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ወይም ምንም ሳያደርግ ናዳው በራሱ ጊዜ ወርዶ ያገኘዋል። ከ1910ሩ የዌሊንግተን አደጋ የተገኘው ትምህርትም ይኸው ነው፤ በስቲቨንስ ፓስ አቅራቢያ የቆሙ ባቡሮችን ከበላያቸው የወረደ ናዳ ጠርጎ 96 ሰው ገድሏል።

የናዳ መውረጃን ከዛፎቹ ማንበብ ይቻላል። በጫካ መካከል ከላይ እስከ ታች የተላጨ ሰርጥ፣ ወደ ላይ በዞረው ጎናቸው ቅርንጫፍ የሌላቸው ዛፎች፣ በአንድ አቅጣጫ የተኙ ግንዶች፣ ከዙሪያቸው ያነሱ አንድ እኩያ የሆኑ ወጣት ዛፎች፤ እነዚህ ባሉበት ናዳው ደርሶ ያውቃል። እንደነዚህ ያሉትን ሰርጦች የግድ ማቋረጥ ካለባችሁ አንድ በአንድ ተሻገሩ፣ ሌላው ከጫካው ዳር ቆሞ ይመልከት፣ መሃል ላይ ፎቶ ለማንሣት ማንም አይቁም። ምሳም እዚያ አይበላም። በካስኬድ ተራሮች በክረምት አጋማሽ ዝናብ በበረዶ ላይ መዝነቡ የተለመደ ነው፤ ዝናቡ በጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት ናዳው ሊበዛ ስለሚችል "ቀላል ካፊያ ነው" ተብሎ አይቀጠልም። የሰሜን ምዕራብ የናዳ ማዕከል ትንበያ በነፃ ይነበባል። እንደ እናንተ ላለ ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻለው ከበላዩ ቀጥ ያለ ተዳፋት የሌለበትን መንገድ አንዴ በካርታ መርጦ እሱን ብቻ መሄድ ነው።

*ሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ናዳ የፊዚክስ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ከበረዶ ተመራማሪ ጋር ስለ ሰው ባሕርይ እንደሚያጠና ሰማሁ። ምን አገናኛቸው?*

ያገናኛቸው የሟቾቹ ዝርዝር ነው። በሞት ከሚያበቁት የመዝናኛ ናዳዎች 90 በመቶ በሚሆኑት ናዳውን የቀሰቀሰው ሟቹ ራሱ ወይም ከቡድኑ አንዱ ነው። በረዶው እንዲያ እንደሚሆን የሚያውቁ፣ ትንበያውን ያነበቡ፣ ትምህርት የወሰዱ ሰዎች ይገኙበታል። ስለዚህ "በረዶው ለምን ወረደ?" ከሚለው ጋር "እያወቁ ለምን ገቡ?" የሚለውም ጥናት ፈለገ።

መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የኢያን ማካሞን ሥራ ነው። ከ1972 እስከ 2003 በአሜሪካ የደረሱ 715 አደጋዎችን መርምሮ፣ ሰዎችን ከማሰብ ይልቅ በአቋራጭ ወደ መወሰን የሚገፉ 6 ወጥመዶችን ለይቷል። ቦታውን ለምደነዋል ማለት፤ በሌሎች ዘንድ ለመወደድ መፈለግ፤ አንዴ የያዙትን ዕቅድ አለመልቀቅ፤ ያዋቂ የመሰለውን ሰው ዝም ብሎ መከተል፤ ሌላው ሳይነካው እኛ እንቅደም ማለት፤ ሌሎች ስላሉ ደህና ነው ብሎ መገመት። ከግኝቶቹ ሁሉ የሚቆጠቁጠው በለመዱት ቦታ ላይ የሠለጠኑትም ካልሠለጠኑት ባላነሰ አደጋ ውስጥ መግባታቸው ነው። ትምህርቱ የሠራው በማያውቁት ቦታ ብቻ ነበር።

ጥናቱ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ የሚያውቀው አደጋ የደረሰባቸውን ብቻ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስሜት፣ ለምደው፣ ተከትለው ሄደው በሰላም የተመለሱት ስንት እንደሆኑ መዝገብ የለም። ከሟቾች መካከል ብዙዎቹ ቦታውን ያውቁት ነበር ቢባል፣ ከሚሄደው ሰው ሁሉ አብዛኛው የሚሄደው ወደሚያውቀው ቦታ ከሆነ ምንም አልተነገረም። አንተ ባለህበት ዩኒቨርሲቲ ጆርዲ ሄንድሪክስና ጄሪ ጆንሰን የጀመሩት ሥራ ይህን ለመሙላት ነው። በፈቃደኞች ስልክ የጉዞ መስመራቸውን በጂፒኤስ ሰበሰቡ፣ ስለ ቡድኑ መጠይቅ አስሞሉ፣ ከዚያ የተረገጠውን ተዳፋት ዘንበል ከዕለቱ ትንበያ ጋር አስተያዩ። የተለካው ሰው አደርጋለሁ የሚለው ሳይሆን ያደረገው ነው። በኖርዌይ የትሮምሶው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዋ አንድሪያ ማንበርግ ከባልደረቦቿ ጋር ከሌላው በልጦ ለመታየት መፈለግ ከሚመረጠው ተዳፋት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አጥንታለች። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የፓስካል ሄገሊ ቡድን ደግሞ ሰው ትንበያውን ሲያነብ ምን እንደሚገባውና ምን እንደሚያልፈው ይመረምራል። ይህን መስክ ለመማር ካሰብክ የበረዶን አካላዊ ጠባይ ከሚያጠናው ክፍል ጋር ስታቲስቲክስንም አጥብቀህ ያዝ፤ በሁለቱም እግር የሚቆም ሰው ጥቂት ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ተራራው ሐቀኛ አስተማሪ አለመሆኑ ነው። መጥፎ ውሳኔ ወስነህ መቶ ጊዜ በሰላም ትመለሳለህ፤ መቶ ጊዜም ልክ እንደነበርክ ይነገርሃል። ልምድ የሚባለው እንዲህ ሲጠራቀም ድፍረት ይሆናል እንጂ እውቀት አይሆንም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ውሳኔውን ከተዳፋቱ ላይ አውርደው ወደ ቤት ጠረጴዛ የሚወስዱት።

በተግባር ሲሆን፦ ማታ ትንበያው ከወጣ በኋላ ሦስት መንገድ ይመረጣል፣ አንዱ ከ30 ዲግሪ በታች ብቻ የሆነ። ለእያንዳንዱ የመመለሻ ምልክት አስቀድሞ ይጻፋል፦ "ዛሬ የወረደ ናዳ ካየን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲሜትር አዲስ በረዶ ከጣለ፣ ነፋስ በረዶ እየነዳ ከሆነ፣ ዉምፍ ከሰማን፣ ሙቀቱ በድንገት ከዜሮ ካለፈ፣ 6 ሰዓት ላይ ጫፉ ካልደረስን።" ከእነዚህ አንዱ ሲሟላ ክርክር አይነሣም፤ ተመላሽ ነው። በዕቅዱ ውስጥ ያልተጻፈ ተዳፋት የዚያን ቀን አይነካም፣ በረዶው ቢያምርም። ተገላቢጦሹ ግን ይፈቀዳል፤ ወደሚቀለው መንገድ መዞር ሁልጊዜ ይቻላል።

የቡድኑ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ቢሆን ይመረጣል። በየካቲት 2012 ቱነል ክሪክ በተባለው የዋሽንግተን ተዳፋት ላይ የወጡት 16 ነበሩ፣ አብዛኞቹ የተካኑ። ሦስቱ ሞቱ። ከተረፉት አንዳንዶቹ የቡድኑ መብዛት እንዳላማራቸው፣ ነገር ግን ሳይናገሩ እንደቀሩ ኋላ ገልጸዋል። በእኛ ሰው ቡድን ውስጥ ይህ ይብሳል እንጂ አያንስም። ጋሼ ከፊት ሲሄድ ታናሹ "ይቅርብን" አይልም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ ሥርዓት ይበጅለት፦ በየማቆሚያው መጀመሪያ የሚናገረው ከሁሉ ያነሰ ልምድ ያለው ነው፣ መሪው መጨረሻ። አንድ ሰው "አልፈልግም" ካለ ሁሉም ይመለሳል፣ ምክንያቱን እዚያው አይጠየቅም። ጥያቄውም "ደህና ነን አይደል?" ከተባለ መልሱ የታወቀ ነው፤ "ዛሬ ቢወርድብን ምክንያቱ ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ አፍ ያስከፍታል።

የቁፋሮ ፈተናውን ነገር ቃል ገብተን ነበር። በሰፊው የሚሠራበት በ2006 በሮን ሲመንሆይስና በካርል በርክላንድ የቀረበው የተራዘመ ዓምድ ፈተና ነው። ወደ ጎን 90፣ ወደ ላይ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ በገመድ ወይም በመጋዝ ከጀርባው ጭምር ይቆረጣል። በአንዱ ጫፍ አካፋ ይጋደምና 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ይመታል። ስንጥቁ በተነሣበት ምት ወይም በሚቀጥለው ከዳር እስከ ዳር ከሄደ በረዶው ናዳን የማዛመት ጠባይ አለው፤ ተመለስ። ካልሄደስ? ምንም ፈቃድ አልተሰጠህም። ደካማው ንጣፍ ከጉድጓድህ 10 ሜትር ርቆ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓዱን የቆፈርከው ደህና ቦታ መርጠህ ነው፤ ጀርባውን በደንብ ሳትቆርጥ ቀርተህም ይሆናል። ፈተናው "አትሂድ" ለማለት ይረዳል። "ሂድ" እንዲል የሚጠይቁት ግን ቀድሞውኑ ለመሄድ የወሰኑ ሰዎች ናቸው።

*ኦስሎ ነው የምኖረው። ትራንሲቨር፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ገዝቻለሁ። ሻጩ በጥቂት ደቂቃ አሳየኝ። ናዳ ቢወርድ በቅደም ተከተል ምን ላድርግ? ምንስ ነው የሚበላሸው?*

ጊዜውን ይወቁ። በስዊዘርላንድ ከ1981 እስከ 2020 የተቀበሩ ሰዎችን የተከተለው በ2024 የወጣ ጥናት፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት 91 በመቶ እንደተረፉ፣ በ30 ደቂቃ ግን 31 በመቶ ብቻ እንደቀሩ አሳይቷል። ቀድሞ የሚታመነው 18 ደቂቃ አለ የሚለው ነበር። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ አይደርስም፤ የሚያድነው አብሮ ያለው ሰው ነው። በካናዳ በተጠኑ ሟቾች ላይ 75 በመቶው በአየር እጦት፣ 24 በመቶው በአደጋው ጉዳት መሞታቸውም ተረጋግጧል። ለዚህኛው አካፋ አይረዳም፤ ዛፍ የሞላበትና በገደል የሚያልቅ ተዳፋት አለመምረጥ ብቻ ነው።

ሲጓዙ፦ ትራንሲቨሩ (የተቀበረን ሰው ለማግኘት የሬድዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ) ከቤት ሲወጡ ይከፈታል፣ በራሱ መያዣ ከጃኬት ሥር ሰውነት ላይ ይታሰራል፣ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ቦርሳ ናዳው ገፎ ይወስዳል። ሁሉም በ457 ኪሎኸርትዝ ስለሚሠሩ የተለያየ ፋብሪካ ምርት እርስ በርሱ ይሰማማል። ስልክ፣ የሚሞቅ ጓንት፣ ካሜራና ብረት ሲልክ ከ20 ሴንቲሜትር፣ ሲፈልግ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ይራቁት። ፋብሪካው ሌላ ካልፈቀደ በአልካላይን ባትሪ ብቻ፤ ግማሽ ሲደርስ ይቀየር። ክረምቱ ሲያልቅ ባትሪው ይውጣ፣ ካልወጣ ፈሳሹ ውስጡን ይበላዋል። ጠዋት መነሻው ላይ መሪው እየላከ ሌላው ሁሉ ይቀበላል፣ ከዚያ መሪው እየተቀበለ አንድ በአንድ እየላኩ ያልፋሉ። ይህን "ትናንት ሠርቶ ነበር" ብሎ ማለፍ ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች ሁሉ ተራው ነው።

ናዳው ሲወርድ የተያዘውን ሰው በዓይን ይከተሉት፤ መጨረሻ የታየበትን ነጥብ በአንድ ምልክት ይያዙት። ከላይ የቀረ፣ ሊወርድ የሚችል በረዶ አለ? አይተው ካላረጋገጡ አይግቡ። አንድ ሰው ብቻ ያዝዛል። ሁሉም ትራንሲቨራቸውን ወደ ፍለጋ ይለውጡ፤ አንድ የረሳ ሰው እየላከ ከቀረ ሁሉም እሱን ሲፈልጉ ጊዜው ያልፋል። ሰው በቂ ከሆነ አንዱ በ112 ይደውል። ብቻዎን ከሆኑና ምልክት ከሌለ ግን መጀመሪያ ይፈልጉ።

ከታየበት ነጥብ ወደ ታች በሩጫ። ብቻ ከሆኑ በናዳው ላይ በዚግዛግ ይውረዱ፤ መዞሪያዎቹ ከ40 ሜትር አይራራቁ፣ ከዳሩም ከ20 ሜትር በላይ አይቅሩ። ብዙ ከሆናችሁ በ40 ሜትር ልዩነት ተሰልፋችሁ ውረዱ። ዓይን መሣሪያው ላይ ብቻ አይተከል፤ ጓንት፣ ስኪ፣ እጅ ከበረዶው ወጥቶ ይታይ ይሆናል። ምልክት ሲገኝ ቀስቱን ይከተሉ፣ ቁጥሩ እየቀነሰ መሄድ አለበት። 3 ሜትር ሲቀር ሩጫው ያቆማል። መሣሪያውን ወደ በረዶው ገጽ ዝቅ አድርገው፣ ሳያዞሩት፣ በመስቀል ቅርጽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፉ ዝቅተኛውን ቁጥር ያግኙ። እዚህ ላይ መፍጠንና መሣሪያውን ማሽከርከር ደቂቃዎችን ይበላል።

ዘንጉ ከበረዶው ገጽ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ይወጋል፤ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ አይደለም። ከዝቅተኛው ቁጥር ጀምሮ እየተጠማዘዘ በሚሰፋ ክብ፣ በ25 ሴንቲሜትር ልዩነት። ሰው ሲነካ ለስለስ ብሎ የሚገፋ ነገር ይሰማል፤ በረዶ ወይም ድንጋይ እንዲያ አይደለም። ሲያገኙ ዘንጉን አይንቀሉት። ርዝመቱ ከ240 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም።

አሁን የሚቀረው ቁፋሮው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀውም እሱ ነው። ሰውየው 1 ሜትር ጠልቆ ከሆነ የሚነሣው በረዶ ከ1 ቶን ይበልጣል፤ ናዳው ከቆመ በኋላም ይደርቃል፣ የፕላስቲክ አካፋ ይሰብራል። ስለዚህ የብረት ቅጠል ያለውን ብቻ ይግዙ። ከዘንጉ ላይ ሆኖ ወደ ታች መቆፈር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሰውየውን የአየር ቦታ ይረግጣል፣ በረዶውንም ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀራል። ከዘንጉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ይጀምሩ፤ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ካነሰ አንድ እርምጃ ዝቅ ብለው፣ ከበለጠ የጥልቀቱን አንድ ከግማሽ እጥፍ ርቀው። አንዱ ከፊት እየቆረጠ ሌሎቹ ከኋላው በተዘረጋ ሰልፍ በረዶውን ወደ ታች ይግፉ፤ የፊተኛው ሲደክም በፍጥነት ይቀየር። ጭንቅላቱ እንደወጣ አፍና አፍንጫው ይጠረግ፣ ደረቱ ከተጫነበት ነፃ ይሁን። ካልተነፈሰ ከትንፋሽ ይጀምሩ፤ የጎደለው አየር ነውና ደረት መጫን ብቻውን አይበቃም።

ይህ ሁሉ ወር ሳያልፍ በመናፈሻ በረዶ ላይ አንድ ትራንሲቨር በቦርሳ ተቀብሮ መለማመድን ይጠይቃል። ያልተለማመደ ሰው እውነቱ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

*የአየር ከረጢት ያለው ቦርሳ ውድ ነው። ያዋጣል? (ከጄኔቫ)*

ገንዘቡ ካለ ያዋጣል፣ ሌላውን ሁሉ ካሟሉ በኋላ። የፓስካል ሄገሊ ቡድን በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በብርቱ ናዳ ከተያዙት መካከል ከረጢታቸው የተነፋላቸው የሞት መጠን ከ22 በመቶ ወደ 11 በመቶ ወርዷል። ይሁን እንጂ ከመሣሪያዎቹ 20 በመቶው ሳይነፉ ቀርተዋል፤ ከእነዚህም አብዛኛው ሰውየው እጀታውን ስላልሳበ ነው። እጀታውን ከመውረድዎ በፊት ከማስቀመጫው ያውጡ፣ በየጊዜውም እየሳቡ ይለማመዱ። ከረጢቱ ከዛፍና ከገደል አያድንም። ይዤዋለሁና ወደ ቀጥ ያለው ልሂድ ያለ ሰው ደግሞ የከፈለበትን ጥቅም መልሶ ይጥለዋል።

*የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደባርቅ። ራስ ዳሽን ላይ በረዶ ሲጥል አይተናል። እኛ ጋ ናዳ ሊደርስ ይችላል?*

እንደ አልፕስ ያለ የበረዶ ናዳ አይደርስባችሁም። ለናዳ በረዶው ለሳምንታት ተደራርቦ፣ በየንጣፉ ልዩ ልዩ ጠባይ ይዞ መቆየት አለበት። በሰሜን ተራሮች የሚጥለው ግን ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይቀልጣል። ይልቅ የእኛ አገር ሥጋት የአፈር ናዳ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የሆነውን ሰምተሻል፤ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው የወረደባቸው ነበሩ። የበረዶም ይሁን የአፈር፣ ሕጉ እዚህ ላይ አንድ ነው፦ ለመቆፈር ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሰው ከጎን፣ ከፍ ካለ ደህና ቦታ ቆሞ ከላይ የቀረውን ይመልከት፤ አዲስ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ፣ ድንገት የደፈረሰ ወይም የቀረ ምንጭ ካየ ይጩህ። ቆፋሪዎቹ ወደየት እንደሚሮጡ አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም።